ሐምሌ ስድስት በአትላስ

ሙራድ የጊታሩን ክሮች በመዳፉ አፈነና፣ "ሀይሚ፣ ትቸኩያለሽ" አላት። "የሠርግ ዘፈን አይደለም እኮ። ትንሽ ያዝ አድርጊው።"

"እንግሊዝኛው ነው የሚያስቸኩለኝ" አለች ሀይሚ፣ ከማይክሮፎኑ ራቅ ብላ ውሃ እየተጎነጨች። "መሀሉ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል።"

"አትጨነቂ፤ እዚያ ስትደርሺ ሰው ሁሉ ስክሪኑን ነው የሚያየው።"

አትላስ አካባቢ ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለማታው ዝግጅት እየተለማመዱ ነበር። ውጭ የሐምሌ ዝናብ መስኮቱን ይደበድባል። አስተናጋጆቹ ክብ ክቦቹን ጠረጴዛዎች ነጭ ጨርቅ እያለበሱ፣ በግድግዳው ጥግ ደግሞ የባፌውን ትልልቅ ድስቶች ይደረድራሉ። ከመድረኩ በላይ ስክሪን ተሰቅሏል፤ ከሥሩ "አርባኛ ዓመት" የሚል ጽሑፍ አለ።

አርባ ዓመት የሞላው ኮንሰርቱ ነው። ሐምሌ ስድስት ቀን 1977 ዓ.ም. የዓለም የሮክና የፖፕ ከዋክብት ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በሁለት ስታዲየሞች ተሰልፈው፣ በኢትዮጵያ በረሃብ ለሚያልቀው ሕዝብ ገንዘብ ያሰባሰቡበት ቀን። ሙራድ ስለዚያ ቀን አውርቶ አይጠግብም። አንዱ ከበሮ መቺ ለንደን ላይ ተጫውቶ ሲያበቃ በአውሮፕላን ውቅያኖሱን አቋርጦ በዚያው ቀን ፊላደልፊያ መድረክ ላይ እንደወጣ፣ አንዱ ዘፋኝ ደግሞ ሰባ ሺህ ሰው እንደ አንድ ሰው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እንዲያጨበጭብ እንዳደረገ ሲተርክ ዓይኑ ያበራል። "በሮክ ታሪክ ከዚያ ቀን የሚበልጥ ቀን የለም" ይላል።

ሀይሚ ግን ኮንሰርቱን ዩቲዩብ ላይ ያየችው ለዚህ ሥራ ስትል ነበር፤ ሳትጨርሰውም ዘግታዋለች። ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ተዋውቃ "ከኢትዮጵያ ነኝ" ባለች ቁጥር ፊታቸው ላይ የሚመጣው ያ የሐዘኔታ ነገር ከየት እንደመጣ ያን ቀን ገባት። ተናደደች። ቢሆንም ሥራውን እምቢ አላለችም። ላምበረት አካባቢ ባለች ጠባብ ምሽት ቤት፣ በሰካራም ጩኸት መሀል ሦስት ዓመት ዘፍናለች። የዝግጅቱ አዘጋጅ አሌክስ ደግሞ የዛሬው ካማረ የሆቴሉ ቋሚ ዘፋኝ እንደምትሆን ቃል ገብቶላታል።

የአዳራሹ በር ተከፈተና እናቷ ወርቄ ገቡ። በአንድ እጃቸው ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላ፣ በሌላው በላስቲክ የተጠቀለለ ቀሚስ ይዘዋል። ቦሌ ለሚ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ፤ እሑድ ዕረፍታቸው ስለሆነ የሀይሚን የመድረክ ቀሚስ ሲያሳጥሩ ነው የዋሉት።

"ማዘር፣ እንኳን ደህና መጡ" አለ ሙራድ ከመድረኩ ላይ።

"እንኳን ደህና ቆያችሁ። ሀይሚዬ፣ ጫፉን እጥፍ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ፤ ለኪውና እይው።"

"መጣሁ እማ፤ አንዴ ከስክሪኑ ጋር እንሞክረውና።"

ስክሪኑን የምትቆጣጠረው ማኅደር ላፕቶፗን ነካች። መብራቱ ደበዘዘ፤ ሙራድ ክሩን መታ፤ ሀይሚ ጀመረች። በጀርባዋ የሚታየው ፊልም የእንግሊዝ ጋዜጠኞች በ1977 ጥቅምት ላይ ያነሡት ነው። ጭጋግ የለበሰ ሜዳ፤ በሜዳው ላይ ማለቂያ የሌለው ሰው፤ ጋቢ የተጠቀለሉ፣ የተቀመጡ፣ የተኙ፣ የማይነሡ። ሀይሚ ይህን ሁሉ አላየችም። እሷ የምታየው እናቷን ነበር።

ወርቄ ከጠረጴዛዎቹ መሀል ቆመው ቀርተዋል። ቀሚሱ ከእጃቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ አላነሡትም።

ሀይሚ ዘፈኗን እንደተወች ከመድረኩ ወረደች። "እማ? ምን ሆንሽ? አሞሽ ነው?"

"ቆረም ነው" አሉ ወርቄ።

"ምኑ?"

"ሜዳው። ያ ከኋላ ያለው ተራራ።" ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የአውቶቡስ ፌርማታ የሚጠቁሙ ይመስል ነበር። "እኛ ከወዲህ፣ ከመቃብሩ ጉድጓድ በኩል ነበርን።"

ሀይሚ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ስለ እናቷ ልጅነት የምታውቀው ጥቂት ነው፤ ወላጆቻቸው በበሽታ እንደሞቱና አዲስ አበባ በሕፃናት ማሳደጊያ እንዳደጉ ብቻ። ከዚያ በላይ ስትጠይቅ ወርቄ ሁልጊዜ የሚነሡለት ሥራ ነበራቸው።

"አንቺ እዚያ ነበርሽ?" አለቻቸው ቀስ ብላ።

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ካሳዬን አዝላ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ ከላስታ በእግራችን መጣን። አባቴ መንገድ ላይ ቀረ።"

"ካሳዬ ማነው?"

"ወንድሜ። ገና መናገር እየጀመረ ነበር።"

ሀይሚ ስለ አጎት ሰምታ አታውቅም። ወርቄ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ቀጠሉ።

"እነዚያ ፈረንጆች በጠዋት መጡ። ትልቅ ዕቃ ተሸክመው በመሀላችን ሲያልፉ ምግብ መስሎኝ ተከተልኳቸው። ካሜራ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ሜዳውን እስኪጨርሱ ከኋላቸው ሄድኩ። አንዱ ዞሮ አየኝና አለቀሰ። ለምን እንደሚያለቅስ አልገባኝም፤ ከዕቃው ውስጥ ያለውን ቢሰጠኝ ነበር የፈለግሁት።"

ሙራድ ጊታሩን ከአንገቱ አውልቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ማኅደርም ፊልሙን አቁማ ነበር።

"አንቺ ልጅ" አሏት ወርቄ፣ "ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል?"

"ይቻላል፣ ማዘር። የቱን?"

"ሴትየዋ ያለችበትን። ልጅ አጠገቧ የተኛው።"

ማኅደር መለሰችው። ካሜራው በሰዎቹ ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ አንዲት ሴት ለቅጽበት ትታያለች፤ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ጎን ትመለከታለች። ማኅደር እዚያ ላይ አቆመችው። ምስሉ ብዥ ያለ ነው። ወርቄ ተነሥተው እስከ መድረኩ ጫፍ ሄዱ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆሙ።

"እሷ ናት?" አለች ሀይሚ ከኋላቸው።

እናቷ ዓይናቸውን አጥብበው ምስሉን አዩት።

"አላውቅም። አቀማመጧ እንደሷ ነው። ጋቢው ግን የሁላችንም አንድ ዓይነት ነበር።" ከዚያ ዞረው ልጃቸውን አዩዋት፤ ፊታቸው ላይ ሀይሚ አይታው የማታውቀው እፍረት ነበር። "ፊቷን ረስቼዋለሁ እኮ፣ ሀይሚ። ፎቶ የላትም። ብትሆንም ባትሆንም መለየት አልችልም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? ሌላው ልጅ አያቴ ተረት ነገረችኝ ሲል አንቺ ይህን ልታወሪ?"

አሌክስ መቼ እንደገባ ማንም አላየውም። ስልኩን በእጁ ይዞ ከባፌው አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑም ረጥቦ ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ስለ ዝግጅቱ ሲያስብ ስለዋለ፣ የሰማውም ነገር ወዲያው የዝግጅቱ አካል ሆነበት።

"ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳላስበው ሰማሁ" አለ ጎንበስ ብሎ። "ዛሬ ማታ ሁለት ደቂቃ ብቻ መድረክ ላይ ቢወጡልኝ። ኤምባሲዎች አሉ፣ ጋዜጠኞች አሉ። እዚያ ነበርኩ ብለው ይናገራሉ፤ ከዚያ ልጅዎ ትዘፍናለች። ከዚህ የበለጠ መዝጊያ የት ይገኛል?"

"አትወጣም" አለች ሀይሚ።

"እሳቸውን ነው የጠየቅሁት።"

"እኔ ነኝ የምመልስልህ። ፊልሙም ይቅር። ዘፈኑን ብቻ እንሥራው።"

አሌክስ ክንዷን ይዞ ወደ ጎን ወሰዳት። "ሀይሚ፣ ፊልሙ ከወጣ ዝግጅቱ ምኑ ቀረ? ሰው የከፈለው ለዚያ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ራሱ አንቺን ሊሰማ ይመጣል። አስቢበት።"

"ሰው እራቱን እየበላ እነሱን ያያል። ይህንንስ አስበህበታል?"

"በየአገሩ እንደዚህ ነው የሚሠራው" አለ፤ ግን ዓይኗን አላየም።

"ፊልሙ ይታይ" አሉ ወርቄ ከበስተኋላቸው። ቀሚሱን ከወለሉ አንሥተው አቧራውን እያራገፉ ነበር። "ልጄ፣ እኔ መናገር አልችልበትም፤ አትዘንብኝ። ፊልሙን ግን አታንሡት። ካነሣችሁት የት አገኛቸዋለሁ? ማታ መጥቼ እቀመጣለሁ። ይህ ሁሉ ሰው ሲያያቸው የሚያውቃቸው አንድ ሰው ቢኖር ይሻላል።"

ሀይሚ ልትከራከር አፏን ከፈተች። እናቷ ግን ቀሚሱን ትከሻዋ ላይ ለክተው፣ "ደህና ነው፤ ሂጂ ልበሺው" አሏት።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ እየረዷት ሳሉ ሀይሚ፣ "ያን ቀን፣ ኮንሰርቱ ቀን፣ የት ነበርሽ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

ወርቄ ዚፑን ወደ ላይ እየሳቡ አሰቡ። "በሐምሌ? በሐምሌማ እነሱ አልቀው ነበር። ካሳዬ በኅዳር፤ እናቴ ከሱ በኋላ ሳምንት አልቆየችም። እኔ ብቻዬን ለመጣው ስንዴ ተሰልፌ ይሆናላ።" ከዚያ አንገትጌዋን አስተካከሉላት። "አልዋሽሽም፤ እኔ በዚያ ስንዴ ነው የተረፍኩት። ዘፋኞቹን እግዜር ይስጣቸው። ዘግይቶ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው የመጣው።"

ሲመሽ አዳራሹ ሞላ። ሽቶና የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል። አሌክስ ለወርቄ ፊት ለፊት ቦታ ሊሰጣቸው ፈልጎ ነበር፤ እሳቸው ግን ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለውን ወንበር መረጡ። ሀይሚ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች በደንብ ተጫወተቻቸው። ምላሷ አልተሳሰረም። ሰው አጨበጨበ፤ የሆቴሉ ባለቤት ናቸው የተባሉት ሰውዬ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ከአሌክስ ጋር ሲነጋገሩም አየች። አሌክስ አውራ ጣቱን አሳያት።

ከዚያ መብራቱ ደበዘዘ። ሙራድ ክሩን መታ።

ጭጋጉ በጀርባዋ መውጣቱን ያወቀችው እንግዶቹ ፊት ላይ ባረፈው ነጭ ብርሃን ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነች። ፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ ዓይናቸውን በሶፍት ጠረጉ፤ ጠርገው ሲጨርሱ ሹካቸውን አነሡ። ከኋላ አንድ ሰው ባፌው ጋ ቆሞ የድስት ክዳን ከፈተ፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ተነሣ። ሌላው ስክሪኑን በስልኩ እየቀረፀ ያኝካል። ክፉዎች አልነበሩም። ርቧቸው ነበር።

በአዳራሹ መጨረሻ እናቷ ተነሡ።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። እጃቸውን አጣምረው፣ አስከሬን ሲያልፍ እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ የቆሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከኋላቸው ያለ ሰው ከልለውት ኖሮ ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው። አልተንቀሳቀሱም። አስተናጋጅ መጥቶ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገራቸውና ወደ ወንበሩ አመለከተ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቆሙ።

ሁለተኛው ስንኝ የሚጀምርበት ደረሰ። ሀይሚ አፏን አልከፈተችም።

ሙራድ ቀና ብሎ አያት። የረሳች መስሎት ዜማውን ከመነሻው ደገመላት፤ አሁንም ዝም። በዓይኑ ጠየቃት። ከመድረኩ ጎን አሌክስ እጁን እያወዛወዘ "ቀጥዪ" ይላታል፤ የሆቴሉ ባለቤት ፊታቸውን አጨፍግገዋል። ሁሉንም አየቻቸው። ነገ ጠዋት ምን እንደሚሏት ታውቃለች፤ ላምበረት ያለችው ምሽት ቤትም ቦታዋን ለሌላ መስጠቷን ታውቃለች።

ማይክሮፎኑን ማቆሚያው ላይ መለሰችና በደረጃው ወረደች። ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ በጠረጴዛዎቹ መሀል አለፈች፤ አንዳንዱ የዝግጅቱ አካል መስሎት መንገድ ለቀቀላት። ሙራድ ብቻውን ክሩን ቀስ እያለ ይመታል።

እናቷ አጠገብ ደርሳ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ያች ጋቢ የተከናነበችው ሴት ለቅጽበት መጣችና አለፈች። ወርቄ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች፤ ምን እንዳሉ አልሰማችም።

አስተናጋጁ ሌላ ወንበር ይዞ መጣና ከወርቄ ወንበር ጎን አስቀመጠላት።

"አንቀመጥም" አለችው ሀይሚ።