በዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ የሚታወጅ ደም

ወንዶች በደማቸው ይፎካከራሉ ብል ማን ያምነኛል? በእኛ መንደር፣ በደሴታችን በሴንት ኤሊዛቤት የባሕር ዳርቻ፣ ይፎካከራሉ። የተጠበሰ ዓሣና ባሚ የምንለውን የካሳቫ ቂጣ በምሸጥበት ዳስ ውስጥ አንድ የዶሚኖ ጠረጴዛ አለ። ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች የፕሮስቴት የደም ምርመራ ሲያደርጉ ውጤታቸውን እዚያ ያውጃሉ። ዝቅተኛ ቁጥር የመጣለት «ጎረምሳው» ይባላል። ከፍተኛ የመጣበት ወንበሩን ለቆ የዓሣ ሳጥን ላይ ይቀመጣል። የሐኪም ጣት እንዳይነካቸው የሚሸሹ ሰዎች በዚያ ቁጥር ግን ይምላሉ።

ታላቅ ወንድሜ ኤቨራልድ ሳጥኑ ላይ የተቀመጠው ቁጥሩ ሃያ በሆነ ጊዜ ነው። እንደ ምንም አባብዬ ማንደቪል ከተማ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሟ ዶክተር ፌረን ከፕሮስቴቱ ናሙና ወሰደች፤ ካንሰር ተገኘ።

«ሚስተር ኤቨራልድ፣ ደምዎ ውስጥ የምንቆጥረው ከፕሮስቴት ዕጢው የሚወጣ ፕሮቲን ነው» አለችው። «ችግር መኖሩን ይጠቁማል፤ የችግሩን ጠባይ ግን ሁልጊዜ አይናገርም። ስለዚህ የወሰድነውን ሥጋ በቀለም ነክረን ሌሎች ፕሮቲኖች ፈለግን። ካንሰሩን ሊገታ የሚገባው ጠፍቷል። ሕዋሱ ሲራባ የሚታየው ደግሞ በዝቷል። እንዲህ ያለው ካንሰር ተኝቶ አይጠብቅም፤ ወደ አጥንት ይሄዳል። የወንድ ሆርሞን የሚቀንሰውን መርፌና የጨረር ሕክምናውን አሁኑኑ እንጀምር።»

«መርፌው ወንድነቴን ይወስዳል ይባላል።»

«ፍላጎትዎን ይቀንሳል። ዕድሜዎን ግን ሊያረዝም ይችላል።»

«አስብበታለሁ» አለና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ያ ከገና በፊት ነበር።

ማሰቡን ወንድም ክላፍተን አሰበለት። ክላፍተን የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነው፤ በአሮጌ የአረቄ ጠርሙስ ከዕፅዋት ሥር የተቀቀለ መጠጥ እየሞላ ይሸጣል። መጠጡ ጥቁርና ዝልግልግ ነው፤ ሲከፈት ውኃ ውስጥ የሰነበተ የፍየል ቆዳ ይሸታል። ወንድሜ ጠዋት ማታ አፍንጫውን ይዞ ጨለጠው። የዶክተር ፌረንን ቀጠሮ አንድ ጊዜ በባሕሩ ማዕበል አሳበበ፣ አንድ ጊዜ በጉልበቱ ሕመም። በሰኔ ደሙን አስመረመረና ቁጥሩ አሥራ አንድ ሆነ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ መሰከረ። ጉባኤው አጨበጨበ። ክላፍተን ከፊት ወንበር ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ስንወጣ ደግሞ በሩ ላይ ጠርሙሶቹን ደርድሮ ጠበቀን። ሌላ ጊዜ የማላጓድለውን አሜን በዚያ ቀን አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ለኤቨራልድ በዶሚኖው ጠረጴዛ ወንበሩ ተመለሰለት።

«ጎረምሳው መጣ! ሴቶቻችሁን ቆልፉ!» አለ ከተጫዋቾቹ አንዱ ላሰልስ። ከላሰልስ ምላስ የሚተርፍ የለም።

«ያንተዋ በሩን ራሷ ትከፍትልኛለች» አለ ኤቨራልድ፤ ዶሚኖውን ጠረጴዛው ላይ እንደ መዶሻ አሳረፈው።

«ሐኪሟስ?» አልኩት።

«ተይኝ ኢዝሚ። ሰው ዳነ ሲሉሽ ደስ አይልሽም?»

ወንድሜ እኔን ባይሰማ ክላፍተንን ይሰማል ብዬ በማግስቱ ወደ ዲያቆኑ ግቢ ሄድኩ። ከማንጎው ዛፍ ሥር መጠጡን በአሮጌ ካኔተራ ያጠልላል። ካኔተራው ብብቱ ቢጫ ሆኗል። በሁለት እጁ ይጨምቀዋል፣ አፍንጫውን በክንዱ ይጠርጋል፣ ጣቱን ይልሳል፣ ደግሞ ይጨምቃል። ከእሳቱ ዳር በከፊል የተቃጠሉ የኪኒን ማሸጊያዎች ተከምረዋል። አንዱን አነሳሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ ሽንት ሲያስቸግረው ፕሮስቴቱን እንዲያሳንስለት የታዘዘለት ኪኒን ነው።

«ይሄ ምንድን ነው ወንድም ክላፍተን?»

«ሥሩን ያግዘዋል» አለ፤ ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። «ቁጥር ያወርዳል። ሰዎቹ የሚፈልጉት ቁጥር ነው። ዋሸኋቸው?»

«ካንሰሩስ?»

«እሱማ የጌታ ሥራ ነው፣ ሲስተር ኢዝሚ።»

ይህን ብሎ ካኔተራውን ጠመዘዘው። የጌታ ስም፣ በዚያ አፍ፣ ከዚያ ጭማቂ በላይ። ሰው ፊት ተፍቼ አላውቅም፤ ተፋሁ።

ማሸጊያውን ወስጄ ዶሚኖው መሀል አስቀመጥኩትና ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ኪኒኑንም፣ ካኔተራውንም። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ታዲያ ቁጥሩ ወርዷል፣ አልወረደም?» አለ ላሰልስ። ማሸጊያውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ስሙን ማንበብ ጀመረ። «ወይ ጉድ፣ ይህንኑ ከመድኃኒት ቤት ብንገዛው እኮ ከዲያቆኑ ብብት እንገላገል ነበር!»

ሳቁ። እውነት እላችኋለሁ፣ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። አንዱማ ከእግሩ ሥር ያለውን ጠርሙስ አንስቶ አንድ ጊዜ ተጎነጨለት። ከክላፍተን ግቢ ይልቅ የገዛ ዳሴ ከረፋኝ።

ኤቨራልድ አልሳቀም። «እንግዲያ አሥራ አንዱ የእኔ አይደለም» አለ በቀስታ። «የክላፍተን ነው።» ተነስቶ ከዳሱ ጀርባ ሄደና ጎንበስ ብሎ አስመለሰ። ውኃ ይዤለት ስሄድ አፉን በመዳፉ ከድኖ «ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለኝ።

ዶክተር ፌረን ማሸጊያውን አገላብጣ አየች፤ ቁጣዋን ዋጥ ስታደርግ መንጋጋዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ይህን ኪኒን ለወራት የወሰደ ሰው ቁጥሩ በግማሽ ያህል ይወርዳል» አለች። «እውነተኛውን ለማወቅ በሁለት እናባዛዋለን።»

የኤቨራልድ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ሃያ ሁለት።»

«አዎ። ከመጀመሪያው አልፏል። ሥጋው ላይ ያየነውን ጠባይ ደግሞ ኪኒኑ አልለወጠውም።»

«አጥንቴ ገብቷል?»

«አላውቅም። ዛሬ አጥንትዎን ፎቶ እናነሳለን። ካልገባ ብዙ ልንታገል እንችላለን፤ ከገባም እንታገላለን። በገና ጀምረነው ቢሆን ግን ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽዎትም። መርፌውን ዛሬ ልስጥዎት?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። በውስጤ ጸለይኩ። ከወንበሩ ተነሳና ጀርባውን ለሁለታችን ሰጥቶ ቀበቶውን ፈታ።