የይመር መቀርቀሪያ

ይመር ማክሰኞ ጠዋት ግራ ደረቱ ላይ እጀታ አብቅሎ ሥራ ገባ። ከቀጭን ሽቦ የተሠራች፣ ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባች እጀታ ነበረች። የሸሚዙን ቁልፎች ፈትቶ አሳየን። ተራ በተራ አየናት። ከዚያ ወደ ሥራችን ተመለስን።

የምንሠራው ኮምቦልቻ፣ የስልክ ፋይበር መሣሪያዎች የተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ብርድ ነው፤ የሚቀዘቅዘው ለማሽኖቹ ሲባል ነው፣ ለሰው ያሰበ የለም። በየካቢኔቱ ቀዳዳ አውራ ጣት የምታህል ሞጁል ተሰክታ ብርሃን ወደ ሌላ ቦታ ትልካለች፣ ከዚያም ትቀበላለች። ከቀዳዳዋ እንዳትወጣ መቀርቀሪያ ይይዛታል። ልትነቅላት ስትፈልግ እጀታዋን ወደ ታች ታጥፋለህ፣ ቀጭ ትላለች፣ በሁለት ጣት ስበህ ታወጣታለህ። እጀታዋን ሳያጥፍ በጉልበት የሚጎትት ሰው ቀዳዳውን ይሰብራል፤ እንዲህ ያለውን እኔ በበኩሌ ከሰው አልቆጥረውም።

የእጀታዋ ቀለም ብርሃኗ ምን ያህል እንደሚሄድ ይናገራል። ጥቁር ማለት ቅርብ ማለት ነው። «ያንተዋ ከሰፈርህ አታልፍም» ብዬ ቀለድኩበት። ይመር ሳቀ። ሲስቅ እጀታዋ ተንቀጠቀጠች።

አንድ ሕግ አለን። ማንም ሰው ሞጁል ከመንቀሉ በፊት በመስመሩ ሌላኛው ጫፍ ላለው ሰው ይደውልና «ልነቅል ነው» ይላል። ያኛው በገዛ አፉ «ንቀል» ካላለ አይነካትም። ይህን ሕግ እንደ ይመር አጥብቆ የያዘ አልነበረም። አለቃችን ኢንጂነር ልሳነወርቅ አንድ ጊዜ ሳይደውሉ ሊነቅሉ ሲሉ ይመር እጃቸውን ይዟቸዋል። ኢንጂነሩ ያን ቀን ስቀው አለፉት፤ ግን የረሱት አይመስለኝም።

ያን ማክሰኞም መጥተው የይመርን ደረት አዩ። «ተቆልፏል?» ብለው ጠየቁኝ።

በጣቴ ነካ ነካ አደረግኳት። «ተቆልፏል» አልኩ።

«እንግዲያው ምን ችግር አለው» ብለው ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

የይመር ሚስት ሀያት ስትተኛ እጀታዋ ስለወጋቻት ጥጥ ጠቀለለችባት። ሐኪም ቤት እንዲሄድ ነገረችው፤ አያመኝም አላት፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። ይመርና ሀያት የቆዩ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሲያወሩ ግን ገና የሚተጫጩ ነው የሚመስሉት። ምሳ ሰዓት ይደዋወሉና ምን በላህ፣ ምን በላሽ ይባባላሉ። ሳይስቅ ስልኩን ዘግቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ያናድዱኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የባቲ መስመር ሞጁል ተቃጠለች። ባቲ ሙሉ በሙሉ ስልክ አጣ። መጠባበቂያ ፈልገን አጣን፤ አዲስ አበባ ጠየቅን፤ ጠብቁ ተባልን። ኢንጂነር ልሳነወርቅ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆዩና ይመር ፊት ቆሙ።

«ዕቃ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ያሳዝናል» አሉ ደረቱን እያዩ።

«ሥራ ፈትታለች ያለው ማነው?» አለ ይመር። «ደግሞም ሌላው ጫፏ የት እንደሆነ ሳይታወቅ አትነቀልም።»

ትክክል ነበር። ሌላው ጫፍ ሲጠፋብን የምናደርገው የታወቀ ነው፤ እጀታዋን ለአፍታ ዝቅ አድርገን እንመልሳትና መቋረጡ የተሰማው ወገን እስኪደውል እንጠብቃለን። ጥጡን አነሣሁ፣ እጀታዋን ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርጌ መለስኳት። የይመር ስልክ ወዲያው ጮኸ።

«ይመር፣ ደህና ነህ?» አለች ሀያት። «አሁን ድንገት ባለ ባል መሆኔ ጠፋኝ። ድስቱን ይዤ ለማን ነው የምሠራው እያልኩ ቆምኩ። ከዚያ ተመለሰልኝ።»

«ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነን» አላትና ዘጋ። ሳይስቅ።

«በቃ፣ ሌላው ጫፍ ታወቀ» አሉ ኢንጂነሩ።

ይመር ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ብትነቀል ቤቴን አጣሁ ማለት ነው፣ ገድሉ» አለኝ በሹክሹክታ። «ግን ግድ የለም። እሷ ንቀል አትልም።»

ኢንጂነሩ ራሳቸው ደወሉ፤ ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ወይዘሮ ሀያት፣ ኢንጂነር ልሳነወርቅ ነኝ፣ የይመር አለቃ።»

«ውይ ጌታዬ፣ እንዴት ዋሉ? ቤተሰብ ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እህቴ፣ የባቲ ሕዝብ ስልክ አጥቶ ተቸግሯል። የሚወልድ አለ፣ የሚሞት አለ። የይመርን ሞጁል ልንነቅል ነው። አንቺን ሳንጠይቅ ግን አንነካም።»

ለሀያት ምን እንደሚነቀል ገብቷታል፤ ቀድሞ ቀምሳዋለች።

«ይመርስ ምን አለ?» አለች።

«እሱማ ያንቺን ቃል ነው የሚጠብቀው።»

በዚያች ሰዓት ልቧ ውስጥ ምን እንደሚመላለስ አውቄዋለሁ፤ ከዚሁ አገር ነኝ። ትልቅ ሰው በገዛ አፉ ደውሎ ለምኗል። ባሏ አጠገቡ ቆሟል። እንቢ ብትል ባሏን በአለቃው ፊት ታሳፍረዋለች፣ በሚስቱ የሚታዘዝ ታስብለዋለች። እንቢ የሚለው እሱ ነው ብላ አመነች።

«እሱ ካለ እኔ ምን እላለሁ፣ ጌታዬ» አለች።

«ይኸው፣ ፈቅዳልሃለች» አሉ ኢንጂነሩ ወደ ይመር ዞረው።

ይመር አፉን ከፈተ። ሚስቱ በሰው ፊት የሰጠችውን ቃል መሬት መጣል ሆነበት። ባቲ የሚወልደው ሁሉ፣ የሚሞተው ሁሉ ትዝ አለው። እሷ ትመልሰዋለች ብሎ አመነ።

«እንግዲህ እሷ ካለች…» አለ።

«ንቀል አልተባለም፣ ኢንጂነር» አልኩ እኔ።

«ሰው በጨዋ ደንብ ነው የሚናገረው፣ ገድሉ። ወይዘሮ ሀያት፣ ይነቀል ማለትሽ ነው አይደል?»

«እንዳሉ» አለች።

«ቃሉን በይው፣ ሕግ ነው።»

«ይንቀሉ» አለች ሀያት። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

እጅግ ተናደድኩ። ሁለቱም አልፈለጉም፤ ሁለቱም እሺ አሉ። ይሉኝታ የሚባል ነገር ከክፍሉ ብርድ በላይ ሰው እንደሚገድል ያን ቀን አየሁ። ግን ቃሉ ተብሏል፣ ሥራ ደግሞ ሥራ ነው። ሰው ከራሱ ላይ አይነቅልም ተብሎ እኔ ታዘዝኩ። እጀታዋን ወደ ታች አጠፍኩ፣ ቀጭ አለች፣ ሳብኳት። ወጣች። ትሞቅ ነበር። በደረቱ ላይ ጠርዙ የተስተካከለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ቀረ፤ ደም የለውም። አቧራ እንዳይገባ በጎማ ክዳን ደፈንኩለት።

በባቲ ቀዳዳ ስሰካት አረንጓዴ መብራት በራ። በቀለሟ ቢሆን ባቲ መድረስ አልነበረባትም። ደረሰች። ኢንጂነሩ የይመርን ትከሻ መታ መታ አድርገው ለዛሬ ቤትህ ግባ አሉት።

ብቻውን እንዳይሄድ አብሬው ሄድኩ። ሀያት በሩን ከፈተችና ፈገግ አለችልኝ።

«ገድሉ! እንኳን ደህና መጣህ። ይመርስ አልመጣም?»

«ይኸው» አልኩ አጠገቤ እያሳየሁ።

ይመርን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም» አለችው። «ይግቡ፣ እንግዳ አይቆምም። ባለቤቴ አሁን ይመጣል።»

እርስዎ ስትለው ይመር ወደ እኔ ዞረ። ገብተን ተቀመጥን። ከራሱ ሳህን አበላችው፤ እንዳይፈራ ብላ አብዝታ ጋበዘችው። በየመሃሉ ወደ መንገዱ ትመለከታለች። ይመርም ሲጨንቀው አብሯት ወደ መንገዱ ይመለከት ጀመር። ሁለቱም ይመርን ጠበቁ። አልመጣም።

በማግሥቱ ሞጁሌን መልሱልኝ አለ።

«ሕጉን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ» አሉት ኢንጂነሩ። «ሌላኛው ጫፍ ደውል።»

ሌላኛው ጫፍ አሁን ባቲ ነው። ባቲ ያለው ባለሙያ ኑርዬ ይባላል።

«ኑርዬ፣ የባቲን መስመር ልነቅል ነው» አለ ይመር።

«አትንቀል» አለ ኑርዬ።

«የእኔ ናት፣ ወንድሜ። ከደረቴ የወጣች ናት።»

«ሰምቻለሁ። መስመሩ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም። ሰዉም ስልኩን ወዶታል፣ አነሥቶ ማስቀመጥ እንቢ ብሏል። አትንቀል።»

ስልኩን ዘጋው። ኑርዬን ድሮም አልወደውም፤ ያን ቀን ግን ቀናሁበት። ይሉኝታ የሌለው ሰው የሚፈልገውን ለመናገር አንዲት ቃል ይበቃዋል።

ኢንጂነሩ ሲወጡ ይመርን ካቢኔቱ ፊት አቆምኩት። «ዝም ብለህ ንቀላት፣ ማን ያይሃል?» አልኩት። እጁን ሰደደ። ጣቱ እጀታዋን ነካ። እዚያው ቆሞ ቀረ።

«ንቀል አልተባልኩም» አለና እጁን መለሰ።

ልመታው ቃጣኝ። ራሴ እንዳልነቅላት ደግሞ፣ እጄን ስዘረጋ ያዘኝ፤ የአለቃውን እጅ እንደያዘው አጥብቆ።

መጠባበቂያዎቹ ቆይተው ከአዲስ አበባ መጡ። ኢንጂነሩ አንዷንም ለባቲ አልሰጡም። የሚሠራ ዕቃ አይነካካም አሉ፤ በዚህ እንኳ ጥፋት አላገኘሁባቸውም። ይመር ክፍል ተከራየ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤቱ በእንግድነት ይሄዳል። ሀያት መጀመሪያ ሰሞን ከሳች፣ ዓይኗ ቀላ፤ ፖሊስ ጣቢያም ሄዳ ባሌ ጠፋ ብላለች፤ ይመር ራሱ ሸኝቷታል። ከዚያ አንድ ቀን ስንደርስ ዓይኗን ተኩላ፣ ጥሩ ቀሚስ ለብሳ አገኘናት።

«ተገኘ እኮ!» አለችኝ ገና ከበሩ። «ባቲ ነው ያለው። እዚያ ያለችው አክስቴ ጋ ስደውል እሱ አነሣው። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ይደውልልኛል።»

ለይመር ውሃ አመጣችለትና ከወንበሩ ተቀመጠ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሀያት እንደ ልጅ ሮጣ አነሣችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምን በላህ አለችው። ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ የይመር ሳቅ ነበር። ይመር አጠገቤ ተቀምጦ ውሃውን እየጠጣ ነው።

«ቀስ በል፣ እንግዶች አሉ» አለች ሀያት እየሳቀች።

«እነማን ናቸው?» አለ ስልኩ።

ሀያት ዞራ አየችን። «አንዱ የመሥሪያ ቤትህ ሰው ነው፣ ገድሉ። ሌላውን አላውቀውም። ዝም ብሎ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ያየኛል።»

«በይ የማታውቂውን ሰው ከቤቴ አስወጪልኝ» አለ የይመር ድምፅ።

ሀያት አፍራ አቀረቀረች፤ ለእንግዳ ውጣ ማለት አትችልም። ይመር እንዳትቸገር ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ተነሣ፣ ይቅርታ ጠይቋት ወጣ፤ በሩንም ከውጭ ቀስ አድርጎ ዘጋላት።