የቀለሟ ሹራብ

ቀለሟ ካረፈች በኋላ ለታናሽ እህቷ ለአሰፋች የቀረላት አንድ ወይን ጠጅ ሹራብ ነበር። የአሰላ ብርድ እንዳይጎዳት ብላ ቀለሟ በእጇ የሠራችላት ነው። ደረቱ ላይ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጌጥ አለው። አሰፋች ያንን ጌጥ ለመሥራት ብዙ ጊዜ ሞክራ አልሆነላትም።

አንድ ቀን የቀለሟ ልጅ ሶፊ ከጎበሳ ደወለች።

«እቴቴ፣ የእማዬ እጅ ያረፈበት ነገር እኔ ጋ የለም። ሹራቡን ቢሰጡኝስ?»

አሰፋች «ላስብበት» ብላ ስልኩን ዘጋች። እንዳትሰጣት፣ ከእህቷ የቀራት እሱ ብቻ ነው። እንዳትከለክላት፣ ልጅቷ እናቷን ነው የጠየቀችው።

በማግስቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሹራቡን ከአንገቱ ጀምራ መተርተር ያዘች። ጎረቤቷ ሃኒ አይታ ደነገጠች።

«ምነው እትዬ አሰፋች! ደህናውን ሹራብ?»

«ለሁለት ልከፍለው ነው» አለቻት።

ደረቱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ክሩ ሲፈታ ታያት፤ ለካ ቀለሟ ጉንጉኑን ስትሠራ ክሩን የምታሻግረው ወደ ኋላ ኖሯል፤ አሰፋች ግን ሁልጊዜ ወደ ፊት ታሻግር ነበር።

«ምን አለበት ያኔ ብጠይቅሽ» አለችና አለቀሰች።

ክሩን አጥባ፣ በእህቷ ጉንጉን ሁለት የአንገት ልብስ ሠራች። አንዱን ይዛ በሚኒባስ ጎበሳ ወረደች። ሶፊ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ልክ እማዬ የሠራችው ነው የሚመስለው» አለች።

አሰፋች ደስ አላት። ግን ቀለሟ ራሷ ጉንጉኑን በጣቷ ዳብሳ «አሁን ገባሽ» ብትላት ምንኛ በወደደች።