ፈቃድ የሌላቸው ጽዳት ሠራተኞች

«አጥንቱንና ትርፍራፊውን ማን ነው የሚያነሳልዎት?» ስትል ጠየቀች ፍሬሕይወት። በጽዳት ባለሙያነት ተመድባ ሐረር ከመጣች ገና ወር አልሞላትም፤ ስታወራ ሰው ዓይን ማየት ይከብዳታል።

«ማታ ይመጣሉ» አለ ልኳንዳ ነጋዴው ሀሚድ ቢላዋውን እየሳለ። «ጠራርገው ይሄዳሉ። ሳንቲም አይጠይቁም፣ ወላሂ!»

«በማኅበር ተደራጅተዋል?»

«አቦ፣ እንደነሱ የተደራጀ የት አለ!»

«እንግዲያውስ ቢሮ መጥተው ይመዝገቡ።»

ሀሚድ ቢላዋውን አስቀምጦ ሳቀ። «እህቴ፣ ጅቦች እኮ ናቸው!»

ፍሬሕይወት የምትገባበት ጠፋት። ቢሮ ተመልሳ ለአለቃዋ ለአቶ ሀብተወልድ ስትነግራቸው ግን እሳቸው አልሳቁም። ከበላይ ገምጋሚ ቡድን ሊመጣ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከተማ የሚያጸዳ ጅብ ደግሞ በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ የለም። በማግስቱ ጅቦቹ የሚገቡበት የጀጎል ግንብ ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፈነ። አቶ ሀብተወልድም አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሡ።

«አጥንቱንስ ማን ያነሳዋል?» አለች ፍሬሕይወት፣ ለራሷም በቅጡ በማይሰማ ድምፅ። «የተማርነው እኮ… አንዱ የጣለውን ሌላው ካልበላው…»

«መኪና አለን።»

መኪናውስ ነበረ። ጎማ ነው ያልነበረው።

አጥንቱ ተከመረ። ዝንቦች ሲሚንቶ ስለማያግዳቸው ያለ ምንም ምዝገባ ገቡ። ጎረቤቱ አፍንጫውን ይዞ ማለፍ ጀመረ፤ የሀሚድ ደንበኛም አፍንጫውን እንደያዘ ወደ ሌላ ልኳንዳ ዞረ። አቶ ሀብተወልድ ችግሩን በጥልቀት አጥንተው መንስኤውን ደረሱበት። ሀሚድ ነው። አካባቢ በካይ ስለሆነ ቤቱ እንዲታሸግ ወሰኑና ማሸጊያ ወረቀቱን ለፍሬሕይወት ሰጧት።

«እስከ ነገ ጠዋት ካልጸዳ ይታሸጋል» አለችው።

«ልጆቼን የማበላው በዚህ ነው» አለ ሀሚድ። «ጅቡን ከለከላችሁ፣ መኪናችሁ ቆሟል። ምን ልሁን? አጥንቱን እኔ ልብላው?»

ፍሬሕይወት ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሲሚንቶው…» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «አሸዋው በዝቷል። ብዙም አልያዘም።»

ሀሚድ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ተነሥቶ ከጓዳ ዲጅኖ አመጣ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቀዳዳውን ከፈተው፤ ፍሬሕይወት ሰው እንዳይመጣ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀች። ጠዋት አጥንቱ አልነበረም፤ ልኳንዳውም አልታሸገም።