ያልጎበጠው ሻሞላ

ኑኃሚን ግራ እጇን አነሳች።

«ነክታኛለች» አለች ከጭምብሏ ሥር። አሰልጣኝ ደበሌ ጣቱን ወደ ሰልሚያ ቀሰረ። ሦስት ለሦስት ሆኑ።

ሰልሚያ ሻሞላዋን ዝቅ አድርጋ ቆመች። የነካች አልመሰላትም። ጫፉ የኑኃሚንን ጃኬት ጨርፎ አለፈ እንጂ ደረቷ ላይ አላረፈም፤ ቢያርፍ ኖሮ ብረቱ ይጎብጥ፣ ግፊቱም እስከ ክርኗ ይሰማት ነበር።

በቡታጅራ የፌንሲንግ፣ ማለትም የሻሞላ ግጥሚያ፣ ክለብ ከተከፈተ ገና ሦስት ወሩ ነው። የመጀመሪያውን ወር ያለ ሻሞላ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲራመዱ ስለከረሙ፣ የሰፈር ልጆች በአዳራሹ መስኮት አጮልቀው «እነዚህ ሰዎች ምን ጠፍቷቸው ነው?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ኋላ ከአዲስ አበባ ያገለገሉ ጭምብሎችና በላብ የወየቡ ጃኬቶች መጡላቸው። ንክኪ የሚቆጥር መሣሪያ ግን አልመጣም። ስለዚህ ደበሌ አንድ ደንብ አስለመዳቸው፦ የተነካ ሰው ራሱ እጁን ያነሳል፤ ተነካሁ ካለ ዳኛ አይከራከረውም።

የሰልሚያ አባት ሸረፋ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የበርበሬ መጋዘኑን ዘግቶ መምጣቱ ብቻ ሰልሚያን አስጨንቋታል። የዛሬዋ አሸናፊ ለዞኑ ቡድን ልትሠለጥን ወልቂጤ ትሄዳለች። እሱም ትናንት እራት ላይ ቁርጡን ነግሯታል፤ «ከተመረጥሽ አልከለክልሽም። ካልተመረጥሽ ግን እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ትገቢያለሽ።»

ይህንን ጠዋት ልብስ ሲቀይሩ ለኑኃሚን አጫውታታለች። ኑኃሚን እስክትጨርስ ሰማቻት። የጃኬቷን የጀርባ ዚፕ እስከ አንገቷ ስባ ዘጋችላትና ወጣች።

አሁን ይህ ለሰልሚያ ትዝ አላት።

«አሁን ይህች ልጅ በገዛ ራሷ ላይ መመስከሯ ነው?» ሲል ሸረፋ አሰልጣኙን ጠየቀ።

«ደንቡ ነው፣ ጋሼ ሸረፋ።»

«እናንተ ገበያ ብትወጡ በአንድ ጀምበር ነበር የምትከስሩት።»

ዙሪያውን የተቀመጡት ሳቁ። ሰልሚያ አልሳቀችም። አባቷ ሻጭ ሳይጠየቅ ዋጋ ከቀነሰለት የጆንያውን አፍ መልሶ አስሮ የሚሄድ ሰው ነው። «ለምን ረከሰልኝ?» ይላል። ይህ ጠባዩ ከልጅነቷ ጀምሮ ተጋብቶባታል።

ቀጠሉ። ኑኃሚን ትከሻዋ ሥር ወጋቻት፤ ሰልሚያ እጇን አነሳች። ቀጥሎ ሰልሚያ ተወርውራ ደረቷን አገኘቻት። ብረቱ ደጋን ሆነ፣ ክርኗ ተርገበገበ። ንክኪ ማለት ይህ ነበር። አራት ለአራት።

የመጨረሻዋ፣ አምስተኛዋ ንክኪ ቀረች። ሰልሚያ ገፋች፣ ኑኃሚን አፈገፈገች። ሰልሚያ እንደገና ተዘረጋች፤ ጫፉ አየር ላይ ቀረ። እጇን ልትሰበስብ ስትል የኑኃሚን ግራ እጅ ወደ ላይ ወጣ።

«ነክታኛለች።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። «አልሐምዱሊላህ» አለ ሸረፋ፤ ፈገግ ብሎ ከአግዳሚው ተነሳ። ሰልሚያ ጭምብሏን አውልቃ ሻሿን እያስተካከለች ወደ ኑኃሚን ተጠጋች።

«አልነካሁሽም።»

«ነክተሽኛል።»

«ብረቱ አልጎበጠም።»

«የተነካሁት እኔ፤ አንቺ በምን ታውቂያለሽ?» ኑኃሚን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በቃ ዝም በይ። አባትሽ እያዩን ነው።»

ሰልሚያ ፊቷ ጋለ። ከዛሬ በፊትስ? ስንት ልምምድ፣ ስንት «ጎበዝ» እንዲህ ተሰጥቷት ይሆን? አንዱንም ከሌላው መለየት አልቻለችም።

«ይደገም» አለች ወደ ደበሌ ዞራ።

«አሸንፈሻል እኮ።»

«አልነካኋትም።»

ደበሌ አንዴ እሷን፣ አንዴ ኑኃሚንን አየ። «ተነክቶ ለሚክድ ነበር ደንብ ያወጣሁት» አለ ራሱን እያከከ። «ለዚህኛው ምንም የለኝም።»

ሰልሚያ አባቷን ተመለከተች። ፈገግታው ጠፍቷል። ቀስ ብሎ መልሶ ተቀመጠ።

«አባ፣ ከተሸነፍኩስ?»

«የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ» አለ ሸረፋ። ዓይኑን ግን ከኑኃሚን ላይ አልነቀለም።

«እንዳሻሽ» አለች ኑኃሚን። ጭምብሏን በኃይል ፊቷ ላይ አወረደችና ወደ መስመሯ ተመለሰች። ጠዋቱን ሙሉ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ ሰውነቷን ልቅ አድርጋ ነበር የቆመችው። አሁን ሁለቱን ጉልበቶቿን አጥፋ ዝቅ አለች፤ የኋላ እግሯ ወለሉን ቆነጠጠ፤ የሻሞላዋ ጫፍ ሳይንቀጠቀጥ በሰልሚያ ደረት ትክክል ቆመ። ሰልሚያ ይህን አቋም ታውቀዋለች። ኑኃሚን ከወንዶቹ ጋር ስትገጥም አይታዋለች። በእሷ ላይ ግን አንድም ቀን እንዲህ ቆማ አታውቅም።

«ዝግጁ?» አለ ደበሌ።

«ዝግጁ» አለች ኑኃሚን።

ሰልሚያ ጭምብሏን መልሳ አጥልቃ ሻሞላዋን አነሳች። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።