ህልሙን ለመቅደም

የባምላኩን ጎፈሬ ያላየ ሰው ኮልፌን አየሁ ማለት አይችልም። ጦር ኃይሎች ላይ ቆሞ ራሱን ቢነቀንቅ ዓለም ባንክ ሰፈር የተሰጣ ልብስ ይረግፋል ይባል ነበር። እንዲህ የሚለው ባምላኩ ራሱ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ያን የጸጉር ተራራ ቀና ብሎ ያየ ሰው ውሸት ነው ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ዕድሜው ሃምሳን አልፎ አንድ ሽበት ብቻ ነበረችው። እሷንም የብየዳ ብልጭታ ያቃጠላት ናት እያለ ያስተባብላል። ሥራው የብረት በር መበየድ ነው፤ እሱ የሠራውን በር ታንክ ቢገፋው ታንኩ ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል።

ያን ቀን ማለዳ ግን ይህ ጀግና ከአልጋው ተፈናጥሮ ተነሳና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ጎፈሬው አለ። ቢኖርም ልቡ ከሄደበት አልተመለሰም። በህልሙ ፊቱ የማይታይ ሰው ነጠላ አንጥፎ፣ እሱን አስቀምጦ፣ በምላጭ ሙልጭ አድርጎ ላጭቶታል። ጸጉሩ ነጠላው ላይ ሲወድቅ ድምፅ ነበረው፤ መቃብር ላይ አፈር ሲመለስ የሚሰማውን ዓይነት።

ራሱን የተላጨ ሰው ሐዘንተኛ ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ባምላኩ በተወለደበት በሸዋም ሆነ ሚስቱ ውዳሴ በመጣችበት በጎጃም፣ የቅርቡ ሰው የሞተበት ይላጫል። ባምላኩ ደግሞ ከውዳሴ የቀረበ የለውም። ውዳሴ አጠገቡ ተኝታለች፤ አርባን ልትደፍን ስትል፣ ከስንት ዘመን ስለትና ጠበል በኋላ የተገኘውን ጽንስ በሆዷ ይዛ። ሐኪሙ የደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳይጠጋሽ ብሏታል። ባምላኩ ጎንበስ ብሎ ትንፋሿን አዳመጠ። ትተነፍሳለች። አላመነም፤ ደግሞ አዳመጠ።

"ምን ታሸተኛለህ?" አለችው ዓይኗን ሳትገልጥ። "ራቅ በል፣ የጸጉር ቅባትህ ያቅለሸልሸኛል። ባይሆን ጥሬ ማንጎ አምጣልኝ። በሚጥሚጣ። ሌሊቱን ሙሉ ምራቄን ስውጥ አደርኩ።"

ህልሙን ሊነግራት አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ህልም እንደ ፈቺው ነው። መጀመሪያ የሰማው ሰው ደግ ነው ካለው ደግ ይሆናል፤ ክፉ ካለው ያው ክፉ። ያልተፈታ ህልም የያዘ ሰው ቀለበቱ የተነቀለ ቦምብ እንደታቀፈ ነውና ከመልካም አፍ በቀር ለማንም አያቀብልም። ለውዳሴ እንዳይነግራት ደግሞ ያ ድንጋጤ አለ።

ለንስሐ አባቱ ደወለ። ስልካቸው ዝግ ነው።

ከግቢው ሲወጣ የተገናኘው ከማንም ከማን ከእትዬ ሸዋረጋ ጋር ነው። በኮልፌ የእትዬ ሸዋረጋን አፍ የማይፈራ ውሻ እንኳን የለም። ጎረቤታቸው ደግፌ ማር ስልስ አየሁ ብሎ ቢነግራቸው ሆድህን ይቆርጥሃል አሉት፤ ሳምንት ሳይሞላው ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ በስንት መከራ ተረፈ። አሁንም ባምላኩን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ፊትህ አመድ መስሏል፣ ምነው ክፉ ህልም አየህ እንዴ አሉት። እኔ ህልም የሚባል ነገር አይቼም አላውቅ እትዬ ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ሮጦ የያዘው ታክሲ ወዴት እንደሚሄድ እንኳን አልጠየቀም።

ታክሲው ውስጥ ሁሉ ነገር ነርቩን ነካው። ረዳቱ የተሳፋሪ ጆሮ ሥር ያፏጫል፤ ፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ መስኮት ክፈቱ ሲባል ብርድ ይመታኛል ይላል፤ አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ማስቲካ እያጯኸች በስልክ ታወራለች። ይህን ሁሉ ቻለ። ሴትዮዋ ግን ድንገት "ስሚማ፣ ዛሬ ያየሁትን ህልም ልንገርሽ" ስትል ጸጉሩ በቁሙ ቆመ። የሰው ህልም ከሱ ህልም ጋር ተደባልቆ አንድ ላይ ቢፈታስ? ወራጅ አለ ብሎ ጮኸና ፌርማታ ሳይደርስ ወረደ።

የወረደው ጦር ኃይሎች፣ አንዲት ጠባብ ጸጉር ቤት ደጃፍ ነው። እዚያ ቆሞ መስታወቱን ሲያይ ሐሳቡ መጣለት። ህልሙ ያለው ትላጫለህ ነው። እሺ፣ ይላጫል። ማንም ሳይሞት፣ በገዛ እግሩ ሄዶ ይላጫል። ህልሙ ደረሰ ማለት አይደል? የደረሰ ህልም ደግሞ ዞሮ አይመጣም። ያን ጎፈሬ ለመስጠት ጨክኖ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ንጉሥ ሆኖ ዙፋኑን ቢሰጥ እንኳን እንደዚያ አይከብደውም ነበር።

ማሽኗ ሁለት ጊዜ ግላ ቆመች። ወጣቱ ጸጉር አስተካካይ ላቡን ጠረገና በመቀስ ጨመረበት፤ የቀረውን በምላጭ። ባምላኩ አንገቱ ላይ የታሰረውን ነጭ ጨርቅ ሲያይ ነው ደሙ የቀዘቀዘው፤ ጸጉሩ እየወደቀበት ያ የህልሙ ድምፅ እንዳይሰማው በልቡ አቡነ ዘበሰማያት ይደግም ጀመር። ሲያልቅ ወጣቱ አንገቱን በብሩሽ እያራገፈለት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እግዜር ያጥናዎት ጋሼ" አለው። "ማን ነው የሞተብዎት?"

የባምላኩ ሐሞት ፈሰሰ። ሒሳቡን ወርውሮ ወጣ። ህልሙን አልተናገረም፣ እውነት ነው፤ ግን የመጀመሪያው አፍ ተናግሮበታል። ይህ ፍቺ ይሁን አይሁን ማንን ይጠይቃል? ማንጎውንና ሚጥሚጣውን ገዝቶ ስልኩን ቢያይ ውዳሴ ደጋግማ ደውላለች። መልሶ ደወለ፤ አታነሳም። ደግሞ ደወለ፤ አታነሳም። ባርኔጣ መግዛት የሚባል ነገር ትዝ ሳይለው ወደ ቤቱ በረረ።

የግቢው በር ላይ እትዬ ሸዋረጋ ነበሩ። ራሱን አዩት። ምንም ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን መቱ።

"ማንም አልሞተም እትዬ፣ በፈጠረዎት።"

"አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ" አሉ በሹክሹክታ። "እሷ ፊት እንዲህ በል። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም።" ዞር ብለውም የሚያልፈውን ሰው እድርተኛውን ጥራ አሉት።

ባምላኩ የገባበት ማጥ የገባው ያኔ ነው። አልሞተም ባለ ቁጥር የሚደብቀው ሞት ይገዝፋል። በሰፈሩ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚባለው አልሞተም ነውና።

ውዳሴ በሩ ላይ ቆማለች። ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታ ልብስ ስታሰጣ ነበር። ራሱን አየችውና አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ አንዱን መቃኑ ላይ አደረገች። ከንፈሯ ነጣ።

"እናቴ ናት?"

"እናትሽ ደህና ናቸው።"

"አባቴ የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነው ያልከኝ።"

ማንጎው ከእጁ ወደቀ። ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባትና በሩን ቆለፈው። ከእውነቱ በቀር የሚያድናት አልቀረም። እየተንተባተበ ሁሉንም ነገራት፤ ፊት የሌለውን ሰውዬ፣ ነጠላውን፣ የአፈሩን ድምፅ፣ ህልሙን ለመቅደም መሮጡን። አላመነችውም። ስልኳን ነቅላ ጎጃም ደወለች። ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። መልሳ ደወለች። ደጅ ላይ የሰው ድምፅ እየበዛ ነው፤ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀምራለች።  ዕድሜውን ሙሉ ከጅብ ጋር ታግያለሁ እያለ ሲያወራ የኖረው ባምላኩ፣ ያን የስልክ ጥሪ እየሰማ እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፈነ።

"ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምታጣድፉኝ?" አሉ አማቱ ከወዲያ። "እንስራ ተሸክሜ ነበርኮ።"

ውዳሴ ስልኩን ይዛ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ቀስ በቀስ ደም ወደ ፊቷ ተመለሰ። ባምላኩ ግን አሁን ነበር የባሰ የፈራው። ህልሙ ተነግሯል። የሰማችው እሷ ናት፤ ፈቺዋም እሷው። ክፉ ካመለጣት በራሷ ላይ ነው። ዓይኑን ከከንፈሯ መንቀል አቃተው።

"ፍቺው" አለ በቀጭን ድምፅ። "አደራ፣ ክፉ እንዳትዪ።"

 የተላጨ ራሱን ግራና ቀኝ አየችው፤ ለካ ያ ሁሉ ጎፈሬ የተሸከመው ሎሚ የምታክል ራስ ኖሯል።

"ደግ ነው" አለች በመጨረሻ። "ጸጉርህን የወሰደው ልጅህ ነው። ጸጉራም ሆኖ ይወለዳል።"

"በደህና በይ።"

"በደህና ይወለዳል።"

"አንቺስ?"

"እኔማ አበጥረዋለሁ።"

አሜን አለ፤ ደግሞ አሜን። እትዬ ሸዋረጋ ደጁን እያንኳኩ ድንኳኑ የት ይተከል ይላሉ። ባምላኩ በጀርባው በሩን ደግፎ ቆመ።

"ድገሚው" አላት። "ጮክ በይ፣ እሳቸው ሌላ ነገር ሳይሉ።"

"አበጥረዋለሁ" አለች ውዳሴ፣ ደጅ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ እስኪሰማ። "እኔ ራሴ ነኝ የማበጥረው።"