የዱዎት አባት ሞተሩን ሊያዩ መጡ

አቤኔዘር ያንን ሞተር አምጥቶ ሱቄ በር ላይ ያቆመ ቀን ንግዴ ቆመ። ዘይት ሊገዛ የመጣው ዘይቱን ይረሳል፣ ካንዴላ የጠየቀኝ ካንዴላውን ሳይቀበለኝ ዞሮ ይፈዛል። ጋምቤላ ውስጥ የሞተር መለዋወጫ ስሸጥ ብዙ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ጉድ ግን አላየሁም። ባለ ሺህ ሲሲ ነው አሉ። የኋላ ጎማው ከወገቤ ይሰፋል ብዬ ቀለድኩ፣ ወገቤን የሚያውቅ ሁሉ ሳቀ። አቤኔዘር የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነው። ሞተሩን ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጭኖ አምጥቶት ነበር፤ አሁን ሥራው ስላለቀ እዚሁ የሚገዛው ቢያገኝ ብሎ ሞተረኞች የሚሰበሰቡበትን የኔን በር መረጠ።

እኔ አበዛሽ እባላለሁ። አባቴ መምህር ሆኖ እዚህ ሲመደብ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ኑዌርኛውንም አኙዋክኛውንም ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ስፈጭ ለቀምኩት። ደንበኞቼ ይህን ብዙ ጊዜ ይረሱታል። እኔም አላስታውሳቸውም፤ ለንግድ ይጠቅማል።

ሱቄ በር ላይ ተራ ይዘው ሰው ከሚያመላልሱት ልጆች መካከል እንደ ዱዎት የሚነዳ የለም። ትንሿን ሞተሩን ይዞ በክረምት ጭቃ ከኒውላንድ ሰፈር ወደ ገበያ ሲመጣ፣ ከኋላው የተቀመጠች ሴት እንቁላል በሳህን ይዛ ብትመጣ አይሰበርባትም። ነፍሰ ጡሮች ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ እሱን ነው የሚያስጠሩት። ልጁ አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ አፉ ከሞተሩ ይቀድማል። ያን ቀን ጥቁሩን ሞተር ገና ከማየቱ እጁን ታንከሩ ላይ ጣል አድርጎ፣

"ይሄ የኔ ነው። ሌላ ሰው እንዳይነካ!" አለ።

አለቀለት። ጓደኛው ኦሞድ፣ ለተረብ የተፈጠረ የአኙዋክ ልጅ ነው፣ ወዲያው "ሺሁ" ብሎ ሰየመው። እስኪመሽ ድረስ ዱዎት የሚለው ስም ጠፋ። "ሺሁ፣ ተሳፋሪ መጣልህ!" "ሺሁ፣ በዚያች አሮጌ ሞተር አታፍርም?" እሱም ደረቱን ነፍቶ ይስቃል።

በማግስቱ ጠዋት አቤኔዘር ቁልፉን ሰጠውና "ሞክረው" አለው። ልጁ በአቦቦ መንገድ ወጣ። ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ቀጥሎ ጸጥ አለ። ቆይቶ ቆይቶ፣ ዱዎት ያንን የሚያህል ብረት በእግሩ እየገፋ፣ ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

"ነዳጅ አለቀ" አለ፤ ማንንም ሳያይ።

ሞተሩ የሚያድረው የኔ መጋዘን ውስጥ ነው። ሳስገባው ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ቤንዚኑ እስከ አፉ ድረስ ነው። ልጁ ፈርቷል ማለት ነው። አልፈረድኩበትም። ነገሩን ለማንም አላወራሁም፤ እኔን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ችግሩ እንዴት አድርጎ ከገባበት ይውጣ ነው። ሞተረኛ መሀል "ፈራሁ" ያለ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አይለቁትም። ዱዎት ግን በነጋታው በጣም ተረጋግቶ መጣ።

"እትዬ አበዛሽ፣ እኔ ብቻዬን አልገዛም" አለኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሌሎቹም እንዲሰሙት። "በኛ ዘንድ ትልቅ ከብት ሲገዛ አባት ይመጣል፣ ይዞራል፣ ያያል። አባት ሳያይ ወደ ቤት አይገባም። አባቴን ከማታር ጠርቼዋለሁ።"

እውነቱን ነው፣ ወጉ እንዲያ ነው። እኔ ግን በሆዴ ሳቅኩ። አባቱን አቶ ሙዎችን አውቃቸዋለሁ። ከብት አርቢ ናቸው፣ መኪና ላይ ሲወጡ እንኳን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አይተው እምቢ ይላሉ፣ ልጁም "ምን ላድርግ፣ አባት ነው" ብሎ በክብር ይወጣል። ብልጥ! አልኩ። ወደድኩለት እንጂ አልጠላሁበትም።

አቶ ሙዎች ቅዳሜ ዕለት፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ደረሱ። ረጅም ናቸው፣ የሱቄን በር ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት። ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመረው የኑዌር የወንድነት ምልክት በእርጅናቸው ከሽብሽባቱ ጋር ተደባልቋል። "ማሌ" ብለው ሰላምታ ሰጡኝ፣ ውሃ ጠጡና ዱላቸውን ለልጃቸው አስይዘው ወደ ሞተሩ ሄዱ። ሞተረኞቹ ዙሪያውን ከበቡ።

ዞሩት። ደግመው ዞሩት። ቁጢጥ ብለው ሆዱን ከሥር አዩ። መቀመጫውን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ በኑዌርኛ እየጠየቁ ዱዎት በአማርኛ ለአቤኔዘር ያስተላልፍ ጀመር።

"ካንተ በፊት ከማን ቤት ነበር? ይላል።"

"ከአንድ ዶክተር ነው የገዛሁት።"

"ለምንድን ነው የምትሸጠው? ይላል። ጠባዩ ነው ወይስ አንተ ነህ?"

አቤኔዘር ሳቀ። "እኔ ነኝ በላቸው። አገሬ ልገባ ነው።"

"ሰው ጥሎ ያውቃል? ይላል።"

"አንዴ ጥሎኛል" አለ አቤኔዘር። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሸም። "ጥፋቱ ግን የኔ ነበር።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲነሳ ጠየቁ። አቤኔዘር አስነሳው። ጎን ያለው ሻይ ቤት ብርጭቆው ተንጫጫ፣ የጎረቤቴ ዶሮዎች አጥር ዘለሉ፣ ሞተረኞቹ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አቶ ሙዎች ብቻ ንቅንቅ አላሉም። እጃቸውን ታንከሩ ላይ አድርገው ንዝረቱን ያዳምጣሉ። ፊታቸው እየበራ እየበራ ሄደና በድድ ሳቁ። እኚህ ሰው ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ዱዎትን አየሁት፤ አመድ መስሏል።

ሞተሩ ሲጠፋ ሽማግሌው በኑዌርኛ ረጅም ንግግር አደረጉ። በዚያን ቀን ከተሰበሰቡት መሀል ከልጃቸው በቀር ኑዌርኛ የሚሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ዱዎት፣ እዚህ ወዳለው አጎትህ ስሰድህ ትንሽ ልጅ ነበርክ" አሉ። "ፊደል ይቁጠር፣ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ አልኩ። ግንባርህ አልተሰመረም፤ ፈቅጄ ነው፣ አልቆጨኝም። እኔ ግን ግንባሬ በተሰመረ ጊዜ አባቴ በሬ ሰጥቶኛል። በበሬው ስም ተጠርቻለሁ፣ ዘፍኜለታለሁ፣ ልጃገረዶች በሱ አውቀውኛል። ላንተ ምንም አልሰጠሁህም። እናትህ ኛባንግ እስከ ዛሬ 'ልጄን ባዶ እጁን ሰደድከው' ትለኛለች። አሁን አየሁት። ይሄ በሬ ነው። ድምፁን ሰማህ? ከከብቶቹ እሸጣለሁ። ውሰደው።"

መሸጫዬ ላይ ጨርቅ አንስቼ ያልቆሸሸውን መወልወል ጀመርኩ።

ሁሉም ዱዎትን ያያል። "ምን አሉ?" አለ አቤኔዘር።

ዱዎት ወደ አቤኔዘር ዞረ። "አባቴ እምቢ ብሏል" አለ። "አደገኛ ነው ይላል። ትንሿ ትበቃሃለች ይላል። ምን ላድርግ፣ አባት ነው።"

ደሜ ፈላ። በእጄ ሰንሰለት ይዤ ቢሆን ኖሮ እወረውርበት ነበር። ሰውየው የዕድሜያቸውን ነገር አውጥተው እግሩ ሥር ሲያስቀምጡለት እሱ በአፋቸው ፍርሃቱን ይናገርባቸዋል! ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ቀደሙኝ። አማርኛቸው ትንሽ ነው፤ "እምቢ"ን ግን ማታር ገበያ ከብት የሸጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

"ማን እምቢ አለ?" አሉ በአማርኛ። "እኔ እምቢ አላልኩም። እኔ 'ውሰድ' ነው ያልኩ።"

ዱዎት ዱላውን እንደያዘ መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ ወደ አባቱ ተጠግቶ በኑዌርኛ፣ በቀስታ ተናገረ።

"አባቴ፣ ሞክሬው ነበር። እኔ አልነዳሁትም፣ እሱ ነው የወሰደኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወርጄ እየገፋሁ መለስኩት።"

"ፈራህ?"

"ፈራሁ።"

"ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?"

"እምቢ ትላለህ ብዬ።"

ያ በርቶ የነበረው ፊት ሲጠፋ ማየት ከባድ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ከሞተሩ ላይ አነሱ። ምን እንደሚሉት አላወቅኩም፤ በጥፊ ቢያጮሉትም አልፈርድባቸውም ነበር።

"በአማርኛ ንገራቸው" አሉት። "የዋሸኸው በአማርኛ ነው።"

ልጁ እነዚያን ሞተረኞች አያቸው። ነገም ከነገ ወዲያም አብሯቸው ተራ የሚይዛቸው ናቸው። ከኋላ የቆሙት ድረስ እንዲሰማ አድርጎ፣ "አባቴ እምቢ አላለም" አለ። "ግዛ ብሎኛል። እኔ ነኝ የፈራሁት። ያን ቀን ነዳጅ አላለቀም። ፈርቼ ነው የገፋሁት።"

አንዱ ከኋላ ሊስቅ ጀመረና ኦሞድ ዞሮ ሲያየው ዋጠው። እኔ በዚያ ሰዓት በዱዎት የኮራሁትን ያህል በገዛ ልጆቼም ኮርቼ አላውቅም።

አቶ ሙዎች ወደ ልጃቸው ተጠጉ። ቀጥሎ ዱላቸውን ከእጁ ተቀበሉ፣ ቀና ብለው ቆሙና ወደ አቤኔዘር ዞሩ።

"አሁን እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት" አሉ። ከዚያ በዱላቸው ሞተረኞቹን አንድ በአንድ እያመለከቱ፣ "የዱዎት አባት እምቢ አለ በሉ" አሉ።

"እሺ፣ አባባ" አለ ኦሞድ። ሌሎቹም ተከትለው እሺ አሉ፣ አቤኔዘርም ራሱን ነቀነቀ። ዱዎት ፊቱን ወደ ሱቄ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፤ እኔም ጨርቄ ውስጥ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ ትንሿን ሞተር አስነሳ። ሽማግሌው ከኋላው ወጡና በሁለት እጃቸው ወገቡን ያዙ። በኒውላንድ መንገድ ቀስ ብለው ሄዱ።

ጥቁሩን ሞተር በኋላ ከመቱ ከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ ወሰደው። ዱዎት ለምን ሳይገዛው ቀረ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ አባቱ እምቢ አሉ።